ያላችሁበት ቆዩ

ቅዳሜ ጠዋት የኤሱዋኖ የባሕር ሙዚየም ሲከፈት፣ ጆጆ ያርኒ ልጆች ማዕበል በሚያስነሡበት ገንዳ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ውሃው ከጉልበት አያልፍም። እጀታውን ሲያዞሩት ማዕበል ይነሣል፣ ትንንሾቹ የእንጨት ታንኳዎች ይገለበጣሉ፣ ልጆች ይስቃሉ፤ ገንዳው የተሠራው ለዚያ ነበር። የሠራውም ራሱ ጆጆ፣ የሙዚየሙ ቴክኒሻን ነው።

ኢንስፔክተር ማንሳ ኢሹን ስትደርስ ሬሳው ወጥቶ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ፊቱና ሸሚዙ፣ ጥፍሮቹ ሳይቀሩ ሰማያዊ ሆነዋል።

«ምን ነክቶት ነው?» አለች።

«ቀለሙ ነው ማዳም» አሉ ዘበኛው ኤግያ ኳንሳ፤ 'ኤግያ' በአገሩ ለትልቅ ሰው የሚባል 'አባት' ነው። «ውሃው ባሕር እንዲመስል ብለው ይጨምሩበታል። ከያዘ ሳሙና አይበግረውም፤ ሳምንት ይቆያል።» የሽማግሌው እጆችም እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ነበሩ። ዓይኗ እዚያ ላይ ማረፉን አዩና «ያወጣሁት እኔ ነኝ» ሲሉ ጨመሩ።

ሐኪሙ ጭንቅላቱን ገልብጦ አሳያት። ማጅራቱ ላይ ተመትቷል። መቺው ጎብኚዎች አንሥተው ክብደቱን እንዲሞክሩት የተቀመጠውን የመልሕቅ ሰንሰለት ቁራጭ ነው የተጠቀመው፤ ሰንሰለቱ ገንዳው ውስጥ ተገኝቷል። «የገደለው ግን ምቱ አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው አንገቱን ይዞ ውሃው ውስጥ ደፍቆታል። ትንፋሹ እስኪያልቅ።»

መምታት የንዴት ነው ይባላል፤ መድፈቅ ግን መታገሥን ይጠይቃል።

ማንሳ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ክርኗ ልጆች እንዲያዞሩት የቆመውን የመርከብ መሪ ነካው። ከጣሪያው ሥር ካለው ድምፅ ማጉያ የተቀዳ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ ወጣ፦ «ካፒቴን፣ መሪውን ወደ ግራ። ረጋ በል፣ እኔ አለሁልህ።»

ኮንስታብል ታንዶ ከኋላዋ ፈገግ አለ። «የካፒቴን ዳድዚ ድምፅ ነው ማዳም፤ የሙዚየሙ ቦርድ ሰብሳቢ። ወደብ ላይ የነፍስ አድን ጣቢያው አለቃ ነበሩ። እኔ ቤት ልጆቹ ሲጫወቱ እንደሳቸው ነው የሚያወሩት።»

«አጥፋልኝ» አለች።

የሙዚየሙ ኃላፊ ማዳም ዊልሄልሚና ብሩ ቢሮዋ ውስጥ መሐረቧን እየጨመቀች ተቀምጣለች። «ገዳይ መፈለጉ ምን ያደርግላችኋል፣ አለቃችሁ አስሮታል እኮ» አለች። «ፊፊ ነው። ዓሣ አጥማጁ። ትላንት መጥቶ የሬዲዮውን ክፍል ሰባብሮ፣ ጆጆን እገልሃለሁ ብሎ ሄደ። ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል።»

የሬዲዮው ክፍል የመርከብ ሬዲዮ ቤት አስመስለው የሠሩት ጠባብ ሣጥን ነው። ጎብኚው መነጋገሪያውን ያነሣል፣ አንዱን ቁልፍ ይጫናል፣ ባሕር ላይ የተቸገረ ሰው ሲጣራ ይሰማል። ፊፊ የሰበረው መነጋገሪያ በአዲስ ሽቦ ግማሽ ድረስ ተጠግኖ ተሰቅሏል። ከሣጥኑ ጀርባ ያለው ክዳን ግን ተፈልቅቆ ነበር፤ ድምፆቹን የያዘው ማሽን የለም።

«ፊፊን ምን አናደደው?»

«እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ሊጎበኙ መጥተው ሦስተኛውን ቁልፍ ተጫኑ። የሞተ ልጄ ድምፅ ነው ብለው ወደቁ። ሐዘን ነው፤ ምን ይደረግ። በተዋንያን የተሠራ ነው ብለን ነግረናቸዋል።»

«የትኞቹ ተዋንያን?»

ማዳም ብሩ መሐረቡን አጠፈችው። «ጆጆ ነበር የሚያውቃቸው» አለች።

ጣቢያ ስትመለስ ሱፐርኢንቴንደንት ኦቱ በደስታ ተቀበላት። «እንዲህ ነው ሥራ» አለ። «ቁርሴን ሳልጨርስ ተይዟል። ዝቶ፣ ሰብሮ፣ ገደለ። ማሽኑን ባሕር ውስጥ ወርውሮታል። ምን ቀረ?»

«ላነጋግረው ጌታዬ።»

ፊፊ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ የታችኛው ከንፈሩ አብጧል።

«እጆችህን አሳየኝ» አለችው።

መዳፎቹ በመረብ ገመድ የተላጡ፣ በዓሣ ቅርፊት የሻከሩ ናቸው። ከጥፍሩ ሥር ጥቁር ግራሶ አለ። ሰማያዊ ነገር የለም።

«እገላለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ። አንቺስ ብትሆኚ? ወንድሜ ኢቦ ባሕር ላይ እየጮኸ፣ ሕፃናት ብስኩት እየበሉ ቁልፍ ይጫኑበታል። ተዋናይ ነው ይሉኛል። ከአንድ ማህፀን የወጣሁ ሰው ድምፁን አላውቀውም?»

«ከዚያስ?»

ልጁ ከንፈሩን በምላሱ ነካ። «ከዚያ ጆጆ 'ወንድምህ አሁን የት ነው?' አለኝ። የት ሊሆን፣ ሞቷል፣ ታንኳዋ ላይ የነበሩት ስድስቱም ሞተዋል አልኩት። ሰውየው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አለቀሰ። 'እኔ እኮ የዳኑ መስሎኝ ነው' አለ። ነገ እናትህን ይዘህ ና፣ ሙሉውን አሰማችኋለሁ ብሎኝ ተለያየን። ይኼን ለአለቃሽ ስነግረው ነው ከንፈሬን ያሳበጠው።»

ማንሳ ወደ ኦቱ ተመለሰች። የልጁ እጅ ንጹሕ ነው፣ ቀለሙ ደግሞ ሳምንት አይለቅም አለችው።

«የፕላስቲክ ጓንት አጥልቆ ይሆናላ» አለ ኦቱ። «እጁ ሰማያዊ የሆነ ሰው ከፈለግሽ ዘበኛውን እሰሪ።»

ዘበኛውን ማሰብ የማይቀር ነበር። ኤግያ ኳንሳ በሩን አልለቀቅኩም ብለዋል፤ የሙዚየሙ ጎረቤት የሆነችው፣ ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል የምትሸጠው ሴት ግን ምሽት ሲጀምር በሩ ላይ ማንም አልነበረም አለች። ማንሳ ሽማግሌውን ለብቻ አስቀምጣ አፋጠጠቻቸው። ብዙ ካቅማሙ በኋላ አንገታቸውን ደፉ።

«ኳስ ነበር ልጄ። በሩ ያለ ቁልፍ ከውጭ አይከፈትም ብዬ ገጥሜው፣ መንገዱን ተሻግሬ ቡና ቤት ገባሁ። ጨዋታው እስኪያልቅ። ስመለስ መብራቱ ጠፍቷል፤ ጆጆ ቤቱ ሄደ ብዬ የውጩንም መዝጊያ ቆለፍኩ።» እንባቸው ወረደ። «ልጁ ውስጥ ሆኖ ቆለፍኩበት።»

ቡና ቤቱ ሙሉ ሰው መሰከረላቸው፤ ጎል ሲገባ ወንበር ሰብረዋል። በሩ ያለ ጠባቂ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ ያለው ማንም ሰው መግባት ይችል ነበር። ከዘበኛው ሌላ ቁልፍ ያላቸው ኃላፊዋና የቦርዱ ሰብሳቢ ናቸው። ማዳም ብሩ ያን ምሽት የመዘምራን ልምምድ ላይ ነበረች።

የፊፊ እናት ማሜ ቤንቲዋ ከባሕሩ ዳር ካሉት የዓሣ ማጨሻዎች አጠገብ ሰርዲን እየገለበጡ ነበር። ልጃቸው ታስሮ ሥራ መሥራታቸው ማንሳን አልገረማትም፤ ዓሣ አይጠብቅም።

«ድምፁ ነው» አሉ ሳይጠየቁ። «ኢቦ 'ስድስት' ሲል ስድስትን ይጎትታታል። ሕፃን ሆኖ እንደዚያው ነበር። ተዋናይ ይኼን ከየት ያመጣል?»

«የጠፉት ምን ቀን ነበር ማሜ?»

ሴትየዋ እጃቸውን ከጭሱ አወጡ። «አንቺም ልትሰድቢኝ ነው?»

ማንሳ የአገሩ ልጅ ናት፤ ጥያቄው የት እንደሚያም ታውቃለች። ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው፤ ማንም ታንኳ አያወጣም። 'ትዕግስት መልካም' የተባለችው ታንኳ ማክሰኞ ወጣች፣ ባሕሩም ቀጣ ተብሎ ከተማው ሁሉ አውርቷል።

«ሰኞ ነው የወጡት» አሉ ማሜ ቤንቲዋ። «ስንቅ የቋጠርኩለት እኔ ነኝ። ጣቢያው ግን ምንም ጥሪ አልደረሰንም፣ ማክሰኞ ንጋት ላይ ሲወጡ የታዩ ናቸው አለ። ማን አያቸው? ስም የለውም። በግ አርደን ባሕሩን ይቅርታ ጠየቅን፣ ስድስት እናቶች፣ ላልሠራነው። ዛሬም ድረስ ከእኔ ዓሣ የማይገዙ አሉ፤ ባሕር የደፈረች ቤት ነች ብለው።»

«ያኔ የጣቢያው አለቃ ማን ነበር?»

«ካፒቴን ዳድዚ። ቀብሩ ላይ መጥተዋል፤ ሬሳ የሌለው ቀብር። ጥሩ ጨርቅ አምጥተውልኛል።»

ካፒቴኑን ያገኘቻቸው በጎረቤት ከተማ፣ የአንድ ሹም ቀብር ላይ፣ ጥቁርና ቀይ የለበሰ ሕዝብ መሃል ነው። ሁለቱም እጆቻቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልለዋል፤ አንዲት የእህታቸው ልጅ በማንኪያ ሾርባ ታጎርሳቸዋለች።

«እጅ ስላልሰጠሁሽ ይቅርታ ልጄ» አሉ። «ትላንት ለዋዜማው ስመጣ የመኪናዬ ራዲያተር ፈላብኝ። ሞኝ ሆኜ ክዳኑን በእጄ ከፈትኩት። ዘግይቼም ገባሁ፣ ተቃጥዬም ገባሁ።»

ዙሪያቸው ያሉት ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ስለ ጆጆ ሰምተዋል?»

«ልቤ ተሰብሯል። ጎበዝ ልጅ ነበር። ያንን የዓሣ አጥማጅ ልጅ ግን አትፍረጂበት፤ ሐዘን ያሳብዳል። ማክሰኞ ወጥተው ባሕር የወሰዳቸው ልጆች ናቸው፤ ቤተሰቡ ጥፋቱን የሚለጥፍበት ሰው ይፈልጋል።»

«የሬዲዮው ድምፅ ከየት መጣ?»

«ተዋንያን ናቸው አሉኝ» አሉ ካፒቴኑ፤ ረጋ ብለው። ሾርባቸውን ጎረሱ።

ማንሳ መኪና ውስጥ ገብታ ብዙ ቆየች። ማዳም ብሩም ካፒቴኑም አንድ ቃል ነው የያዙት። ጆጆ ግን ለፊፊ 'የዳኑ መስሎኝ' ብሎታል። ተዋናይ ስለመሆኑ ያወቀ ሰው፣ ዳኑ ወይስ ሞቱ ብሎ አይጨነቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኃላፊዋ ቤት ድረስ ሄደች። አልተቀመጠችም።

«ተዋንያን አልነበሩም» አለች። «ማነው እንደዚያ በይ ያለሽ?»

ማዳም ብሩ 'አንቺ' መባሏን ሰማች፤ አላረመችውም። «ካፒቴኑ» አለች። «ዓርብ ከሰዓት ደውዬ ቤተሰቡ እየጮኸ ነው ብዬ ስነግራቸው። ድምፁ ከእውነተኛ ጥሪ ነው። ጣቢያው ዕቃ ሲቀይር አሮጌውን መቅጃ በስጦታ የሰጡን ራሳቸው ናቸው። የተደመሰሰ መስሏቸው ነበር። ጆጆ ቆፍሮ አወጣው፤ ጥሪው መልስ ስለነበረው የመዳን ታሪክ ነው ብሎ ደስ አለው።»

«መልስ?»

«ሦስተኛው ቁልፍ ላይ የለም። እኔ አስቆረጥኩት። ረዘመ፤ ልጆች ይሰለቻሉ።»

«ስድስት ሰው ሲጣራ ሰማሽ። ከየት ናቸው፣ ምን ደረሱ ብለሽ ጠየቅሽ?»

«እኔ የአክራ ሰው ነኝ» አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ። «አልጠየቅኩም።»

ማንሳ ለመሳደብ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ስድብ ጊዜ ይወስዳል። «ሙሉው የት አለ? የሙዚየሙ ማሽን ተወስዷል።»

ኃላፊዋ አሰበች። «መኪናው ላይ» አለች በመጨረሻ። «ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች የምንልከው መኪና። እዚያ ላይ ያለውን ድምፅ አላሳጠርነውም፤ ጊዜ አላገኘንም። አሁን ዋሳ ነው፤ ነገ ያስጎበኛሉ።»

ሰኞ ጠዋት ማንሳና ታንዶ በካካዎ እርሻዎች መሃል በአቧራማው መንገድ ወጡ። ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች ከመኪናው ፊት ተሰልፈዋል። አንዷ መነጋገሪያውን ይዛለች፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ በትልቁ ተከፍቷል። ማንሳ ከሰልፉ ኋላ ቆመች።

«ትዕግስት መልካም ነን፣ ትዕግስት መልካም» አለ የአንድ ወጣት ድምፅ፤ ነፋስ ይቆራርጠዋል። «ሞተራችን ሞቷል። ውሃ እየገባ ነው። ስድስት ሰው ነን። የሚሰማን አለ?» ስድስትን ጎተታት።

«ሰምተናችኋል። የት ናችሁ?» አለ ወፍራም ድምፅ።

«ከነጩ ቋጥኝ ባሻገር። የነዳጅ መርከብ መብራት ይታየናል። ጀሪካን ይዘን ወደሱ እንዋኝ?»

«አትዋኙ። መልሕቅ ጣሉ። ያላችሁበት ቆዩ፣ ጀልባ እየመጣ ነው። ረጋ በል፣ እኔ አለሁልህ።»

ደጋግመው የሰሙት ልጆች ቀጣዩን በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ እየሳቁ ባንድነት ከድምፁ ጋር አሉት፦ «እሺ ኤግያ።»

ማንሳ የመኪናውን ጎን ያዘች።

«ግን ነገ ማክሰኞ ነው ኤግያ» አለ ወጣቱ። «ነገ ማንም አይወጣም። ዛሬ ካልመጣችሁ የሚያገኘን የለም።»

«ያላችሁበት ቆዩ አልኩ።»

ከዚያ ረጅም ነፋስ። ከዚያ ያው ወጣት፣ በቀጠነ ድምፅ፦ «ጣቢያ? ቆይተናል። አልተንቀሳቀስንም። ጣቢያ?»

ልጅቷ መነጋገሪያውን ለቀጣዩ ሰጠች። ታንዶ ፊቱን አዙሯል። «እሳቸው ናቸው» አለ። «የመርከብ መሪው ላይ ያሉት። ልጆቼ…» አልጨረሰውም።

«ማሽኑን ንቀለው» አለች ማንሳ። «መምህሯን ይቅርታ ጠይቃት። ልጆቹ ምንም አላጠፉም።»

ካፒቴን ዳድዚ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ።

«ፋሻውን ፍታው» አለች ማንሳ።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። «ለትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?» አለ አንደኛው።

«ትልቅ ሰው ሳገኝ እጠነቀቃለሁ። ፋሻውን ፍታው።»

«ቁስሉ ይመረዛል…»

«ታንዶ፣ ፍታለት።»

ፋሻው ሲወርድ የተቃጠለ ቦታ አልነበረም። መዳፉ፣ የጣቶቹ መሃል፣ የጥፍሮቹ ዙሪያ ሰማያዊ ነው። በኖራ ፈግፍጎታል፤ ቆዳው ተላጠ እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም። ማንሳ ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተችው። «ረጋ በል፣ እኔ አለሁልህ» ሲል ሁለቱ ሽማግሌዎች ወንበራቸውን ከሱ አራቁ።

«ጀልባው የት ነበር?» አለችው።

ሲናገር ድምፁ ያ የሚታወቀው ድምፅ አልነበረም። «የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነበር። እንግዶቹን ወደ ደሴቱ ሆቴል እንዲያደርስ አዘዝኩት። ይመለሳል ብዬ ነው ቆዩ ያልኳቸው። ጀልባ ነጂዎቹ መሽቶባቸው፣ ሰክረው እዚያው ቀሩ። ጀልባው ሲመለስ ሬዲዮው ዝም ብሏል።»

«ማክሰኞ የሚለውን ማን ፈጠረው?»

«ሰው ምክንያት ይፈልጋል» አለ።

«ጆጆስ?»

«ማሽኑን ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። ለእናቶቹ አሰማለሁ አለኝ። ቃል ገብቻለሁ አለ። ግትር ነበር።»

«ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነበር» አለች ማንሳ። «ካቴናውን አጥልቅለት።»

ማክሰኞ ጠዋት ሱፐርኢንቴንደንት ኦቱ የክሱን ወረቀት አንብቦ መለሰላት። «ይኼ ምንድነው? የጆጆ ግድያ ይበቃናል። ሬሳ አለን፣ እጅ አለን። ስድስቱን ባሕር ነው የበላቸው፤ ባሕር አይከሰስም። የነፍስ አድን ጣቢያውን ከነካሽ ደግሞ ስንት ትልልቅ ሰው ይነካል መሰለሽ?»

«ጆጆን በእጁ ገደለው፣ ስድስቱን በአፉ። ሊዋኙ ነበር ጌታዬ። መብራት ይታያቸው ነበር።»

«ቁረጪው አልኩሽ።»

«አልቆርጥም። ሌላ ሰው ቆርጦት ነበር፤ ምን እንደመጣ አይተነዋል።»

ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ስድስቱም እናቶች መጥተዋል። ፊፊ ከእስር ወጥቶ ከእናቱ ኋላ ቆሟል። ማንሳ ማሽኑን የፖሊስ ጣቢያው መቀበያ ክፍል ውስጥ አስቀመጠች። «ማሜ፣ ከባድ ነው» አለቻቸው። «ግዴታ የለብዎትም።»

«በግ አርጄበታለሁ» አሉ ማሜ ቤንቲዋ። «ልስማው።»

ሰሙት። ነገ ማክሰኞ ነው ሲል ከሴቶቹ አንዷ ጮክ ብላ «ተመስገን» አለች፤ ያች ቃል በዚያ ቦታ ከለቅሶ ይልቅ ታስፈራ ነበር። ማሜ ቤንቲዋ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ ጨርቃቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ።

«ታዘዘ» አሉ። «ትልቅ ሰው ሲናገር አትከራከር እያልኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ዋኝ ቢባል ኖሮ ይዋኝ ነበር። ባሕር አሸንፎት አያውቅም።» ፊፊ ትከሻቸውን ያዘ፤ እጁን ቀስ አድርገው አነሡት። «ይኼ ሰው በወረቀታችሁ ላይ በስንት ነፍስ ነው የተጠየቀው?»

ማንሳ መዋሸት አልቻለችም። «እስካሁን በአንድ» አለች። «አለቃዬ ሰባት ብዬ የጻፍኩትን መልሶልኛል።»

ማሜ ቤንቲዋ ክፍሉን አዩት። ከዚያ ከአለቃው በር ፊት ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። አምስቱ እናቶች ተከትለው ተቀመጡ። ማንም አላለቀሰም፣ ማንም አልጮኸም። ታንዶ ውሃ አመጣላቸው። ወሬው ባሕር ዳር ደርሶ፣ መረብ የሚጠግኑት ወንዶች ገመዳቸውን ጥለው ግቢውን ሞሉት፤ ያኔ ዓሣ አንገዛም ያሉት ሴቶችም መጥተው ከኋላ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ መሬት ላይ ቦታ ያዙ።

ኦቱ ለምሳ ሊወጣ በሩን ሲከፍት የሚረግጥበት አጣ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው እናቶቼ?» አለ።

እናቶቹ ቦታቸውን አልለቀቁም። ወደ ማንሳ ዞረ። እሷ የክሱን ወረቀት አንዲት ቃል ሳትነካው፣ ከእስክሪብቶ ጋር ዘረጋችለት። ኦቱ ግቢውን አየ፣ ሴቶቹን አየ፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈረመ።